ላኪና ተቀባይ

ቡራዩ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ፈቀደ፤ ደርባን

የጌታ ሰላም በቤትህም በሱቅህም ይሁን። የሱቅ ባልደረባህን ኡዘይርንም ሰላም በልልኝ። እኛ ደህና ነን። እኔ ያው ፕላስቲክ ፋብሪካዬ ነኝ፣ አቤኒም የስፌት ሥራው በዝቶላታል።

ይህን ሁሉ በድምፅ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። ግን አንተው ነህ "ስልክ ለአቤኒ አይሆናትም፣ እሷ የማታነበው ወሬ በመሃላችን አይኑር" ብለህ መጻፍ ያስለመድከን። ይኸው በቴሌግራምም ቢሆን እንጽፋለን። ልጅቷ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በእጇ የምትጠይቀኝ "ጋሼ ጻፈ?" ብላ ነው።

የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ፣ እዚሁ ቡራዩ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ። አዶናይን በፎቶ አይተኸዋል፤ ሰበታ እንጨት ሥራ ቤት የሚሠራው ልጅ ነው፤ እሱም እንደ እሷ መስማት የተሳነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

አዳራሹ አንተ ከሄድክ በኋላ ወደ ጎን ተቀጥሏል። በቀለበቱ ቀን ከፊት ያለውን ወንበር የአዶናይ ዘመዶች ያዙት። የልጆቹ ጓደኞች፣ ከሰበታም ከሱሉልታም የመጡት መስማት የተሳናቸው ሁሉ፣ በተቀጠለው ክንፍ ተቀመጡ። አስተርጓሚዋ መድረክ ላይ ቆማ በምልክት ትናገራለች፣ ከክንፉ ግን መድረኩ አይታይም፣ ግድግዳ ነው። ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሱ ወጡ። አቤኒ ከመድረክ ሆና በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ታየው ነበር። ቤት ስንገባ "ጓደኞቼ ቃሌን የማያዩበት ቤት ውስጥ አላገባም" አለችኝ። እሷ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ያለችውን ናት።

የአዳራሹን ዕቃ የሚይዙት ኦቦ ገርባ "ረኮን ህንጂሩ፣ ችግር የለም" አሉና ክንፉ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀሉ። የአስተርጓሚዋ ምስል መድረኩ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ወደዚያ እንዲሄድ ነው። ከመርካቶ ረጅም ኬብል ገዛን። መጀመሪያ ምስሉ መጣ። ቀጥሎ ጨው የተበተነበት መሰለ። ከዚያ ጠቆረና ሲግናል የለም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ነጋዴው "ወፍራሙን ግዙ" አለን፤ ወፍራሙም ያው ሆነ። የአዶናይ እናት "ለነሱ በኋላ በስልካቸው ቪዲዮ ይላክላቸዋል፣ ምን አስጨነቃችሁ" ይላሉ። አቤኒ ፊታቸውን አይታ ያሉትን ገብቷታል።

አንተ በዚያ አገር የአዳራሹንም የሆቴሉንም ስክሪን በኬብል የምታገናኝ ሰው ነህ። ምን እንግዛ? የኮምፒውተሩን የጀርባ ቀዳዳዎች ፎቶ ልኬልሃለሁ።

ደግሞስ ትኬትህን መቼ ትቆርጣለህ? አባቷ የለም፤ ክንዷን ይዘህ የምታስገባት አንተ ነህ።

እህትህ ደስታነሽ


ደርባን፣ የካቲት 4 ቀን 2017

ለእህቴ ለደስታነሽና ለሙሽራዬ ለአቤኒ

ጌታ ቤታችሁን በዚህ ደስታ ይሙላው። ቀኑን ሳነብ ቆሜ ሱቁ ውስጥ ዞርኩ፤ ኡዘይር ምን ነካህ አለኝ። እሱም፣ የስልጤ ልጅ ቢሆንም፣ እንደ አጎት ሰላም ብሏችኋል።

አሁን ወደ ሥራው። የገዛችሁት የኤችዲኤምአይ ኬብል ሲረዝም ምስሉ መንገድ ላይ ይደክማል። ለአጭር ርቀት፣ አሥር ሜትር ገደማ፣ ግድ የለም። ከዚያ በላይ ግን ዛሬ ቢሠራ ነገ አይሠራም፤ ያያችሁት ጨው የደከመ ምስል ነው። ውፍረት ጥቂት ይረዳል እንጂ አያድንም። ጫፉ ወርቅ የተቀባ ነው ቢሏችሁም አትስሙ።

ለረጅም መንገድ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ውስጡ ፋይበር፣ ቀጭን የመስታወት ክር፣ የሆነ ኤችዲኤምአይ ነው። ምስሉን ሳያደክም ሩቅ ይወስዳል፣ ግን አንዱ ጫፍ የኮምፒውተር፣ ሌላው የቴሌቪዥን ነው፤ ገልብጠሽ ከሰካሽው ምንም አያመጣም። ማዕዘን ላይ አጥብቀሽ ካጠፍሽው ደግሞ ውስጡ ይሰበራል፤ የእናንተ አዳራሽ ማዕዘን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን እመርጥላችኋለሁ፦ ኤክስቴንደር። ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች ናቸው። አንዱ ላኪ ነው፣ ኮምፒውተሩ ጋ ይቀመጣል። ሌላው ተቀባይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ጋ ይቀመጣል። በመሃላቸው ተራ የኔትወርክ ኬብል ይዘረጋል። ሁለቱ ሳጥኖች ግን ከአንድ ፋብሪካ፣ አብረው የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ የአንዱን ላኪ ከሌላው ተቀባይ ጋር ብታጋቢያቸው አይግባቡም። ከዚሁ ከሱቄ እልክላችኋለሁ።

የላክሽው ፎቶ ስልኬ ላይ አልከፈት አለኝ። ሌላ አትላኪ፣ በጽሑፍ ንገሪኝ። የኮምፒውተሩ ቀዳዳ ምን ይመስላል? ከታች ሁለቱም ማዕዘኑ ገባ ያለ ነው? ወይስ አንድ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠ? መንገዱስ ስንት ሜትር ይሆናል?

ስለ ትኬቱ አትጨነቂ፣ ገና ነው።

ወንድማችሁ ፈቀደ


ቡራዩ፣ የካቲት 6 ቀን 2017

ጋሼ፣ እንደ ጻፍከው ሁሉ ጌታም ያሰብከውን ይሙላልህ።

አቤኒ በጠረጴዛው ሥር ገብታ በጣቷ ዳሰሰችው። አንድ ማዕዘኑ ብቻ ነው የተቆረጠው። እስካሁን ትንሽ ማገናኛ እየሰኩበት ነበር የሚሠሩት፣ እሱም ላልቷል፣ ኦቦ ገርባ በፕላስተር አስረውታል። መንገዱ በበሩ ዞሮ ወደ ሠላሳ አምስት ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ ከመብራት ሽቦው ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ይህ ይጎዳል?

ትናንት በቪዲዮ ደወልኩልህ፣ አላነሳህም። ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት። የአቤኒን የመልስ ቀሚስ ፎቶም ከገና ጀምሮ ልከንልህ ምንም አላልክም። ልጅቷ ራሷ ነች የሰፋችው። አልወደደውም ይሆን እያለች ስልኬን ታገላብጣለች። አንድ ቃል ጻፍላት።

ደስታነሽ


ደርባን፣ የካቲት 29 ቀን 2017

ውድ ደስታነሽ፣ በጸጋው እንደምትበረቱ አምናለሁ።

ስለዘገየሁ ይቅር በሉኝ፣ ሥራ በዝቶ ነው። ሁለቱን ሳጥኖችና አንድ ማገናኛ ለኤልቃና ሰጥቼዋለሁ፤ የሆሳዕናው ኤልቃና፣ የምታውቂው። በመጀመሪያ አገር ቤት እናቱ ጋ ይገባል፣ ሲመለስ በቡራዩ ያልፋል።

አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠው ዲስፕሌይ ፖርት ይባላል። ማገናኛው እሱን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ነው። ማገናኛ አቅጣጫ አለው፤ ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው በተቃራኒው አይሠራም። የኔትወርኩን ኬብል ከዚያው ግዙ፣ ውስጡ ጥሩ መዳብ የሆነውን። ከመብራት ሽቦው አርቁት፣ ጎን ለጎን አይተኛ። በመሃል ሌላ መሣሪያ አታስገቡ፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን በቀጥታ ይሂድ። ለሁለቱም ሳጥን የየራሳቸው መብራት ያስፈልጋቸዋል።

አቤኒዬ፣ ቀሚሱ በጣም ያምራል። ነጭ ሁልጊዜ ያምርብሻል።

ትኬቱን በተመለከተ፣ ሱቁን የሚይዝልኝ ሰው ገና አላገኘሁም።

ፈቀደ


ቡራዩ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017

ጋሼ፣ የእግዚአብሔር እጅ ባለህበት ያግኝህ።

ይህን ደብዳቤ አቤኒ አላየችውም። ከእሷ ደብቄ ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከፋብሪካው በር ላይ ታክሲ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው።

ኤልቃና ትናንት መጣ። ዕቃውን ይዤ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ኦቦ ገርባ ኬብሉን ገና ሳይዘረጉ እንሞክረው አሉና በአጭር ኬብል ጠረጴዛ ላይ ሞከርነው። ማገናኛው አልገባም። ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ያለበት ጫፍ ለቴሌቪዥን ቀዳዳ የተሠራ ነው፤ አንተ ራስህ አይሠራም ያልከው ተቃራኒው ነው የመጣው። እሱስ ይሁን፣ ከዚህ ይገዛል። ሳጥኖቹን ግን ስናያቸው ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አለ። ሁለቱም ላኪ ናቸው። ኦቦ ገርባ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አነበቡት። ሁለት ላኪ፣ ተቀባይ የለም።

እሳቸው "ሰው ነው፣ ይሳሳታል" አሉ። እኔ ግን እቤት እስክገባ የድሮ ደብዳቤዎችህን በስልኬ እያገላበጥኩ ሄድኩ። ዕድሜህን በዚህ ዕቃ መሃል የኖርክ ሰው ነህ። የአቤኒ ቀሚስም ነጭ አይደለም፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ። እሷ "ነጭ" ያልከውን አንብባ ስለ ሠርጉ ቀሚስ ነው ብላ አለፈችው። ከፎቶው አንዱም አልተከፈተልህም። ቪዲዮ አታነሳም። ከዚህ በፊት ደብዳቤህ እንዴት እንደሚረዝም እኔ አውቃለሁ።

በግልጽ ልጠይቅህ። ዓይንህን ምን ሆንክ?

ደስታነሽ


ቡራዩ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017

ጋሼ፣ የጻፍኩት ደርሶሃል፤ ምልክቱ እንደተነበበ ያሳያል። ካስቀየምኩህ እግርህ ላይ እወድቃለሁ። የሳጥኑ ነገር ይቅር፣ ሠርጉም የሆነው ይሁን። አንድ ቃል ብቻ፣ "አለሁ" በለኝ።

አቤኒ ለሱሉልታ ጓደኞቿ "ስክሪኑ ተዘጋጅቷል" ብላ ነግራለች። ሰው እየቆጠሩ ነው። እኔ በየቀኑ "ዕቃው መንገድ ላይ ነው" እላታለሁ።


ደርባን፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017

እህቴ ደስታነሽ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ይህን የሚጽፈው ኡዘይር ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ያንቺንም ሁለት ደብዳቤ ያነበበልኝ እሱ ነው። መልስ የዘገየው እኔ "ቆይ" እያልኩት ነው እንጂ እሱ በየቀኑ ጨቅጭቆኛል።

ስኳሩ ነው። ቀኙ ዓይኔ ባለፈው ክረምት ጠፋ። ግራው ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ሰው ሲያልፍ በቆሸሸ ፕላስቲክ ውስጥ እንደሚታይ ዓይነት ነው። ሆስፒታል ዓይኔ ውስጥ መርፌ ይወጉኛል። ያለውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን አይመልስም ብለውኛል። የመጨረሻውን ደብዳቤ የጻፍኩት ፊደሉን ስልኬ እስከቻለ ድረስ አሳድጌ፣ በቀን ሁለት ሦስት መስመር ነው።

ዕቃውን የሰጠሁት ዓርብ ቀን ነው። ኤልቃና መኪና አቁሞ ይቸኩላል፣ ኡዘይር ለስግደት ወጥቷል። መደርደሪያዬን በእጄ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አላወቅኩትም። ኡዘይር እስኪመለስ ጠብቄ ባሳየው ምን ነበረበት? አፍሬ ነው እንጂ። እሱ የሚያውቀው ግራው ደህና እንደሆነ ነበር።

አሁን የምልሽን በጥሞና ስሚኝ። ለአቤኒ እንዳትነግሪያት። እኔ ብመጣ ከእሷ ጋር በምን እንነጋገራለን? እሷ ድምፄን አትሰማም፣ እኔ እጇን አላይም፣ ጽሑፏንም አላነብም። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አንተዋወቅም። ከዚህ ሆኜ ግን ኡዘይር አለ። እሷ ትጽፋለች፣ ይነበብልኛል፤ እኔ እናገራለሁ፣ ይጻፍላታል። ከሩቅ እሻላታለሁ። ሱቁ አልለቀኝ አለ በያት። ክንዷን የሚይዝ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ ኦቦ ገርባ እምቢ አይሉም።

ተቀባዩ እዚህ ሱቅ ውስጥ አለ፤ ኡዘይር በዓይኑ አይቶ አረጋግጦታል። ግን ከሠርጉ በፊት የሚመጣ መንገደኛ አጣን። በፖስታ ይድረስ አይድረስ ማንም ቃል አይገባም። በዚህ ነው የምቃጠለው።

ፈቀደ

ደስታነሽ እህቴ፣ ይህ ከእኔ ነው። አልቅሷል። ይህን አትጻፍ ብሎኝ ነበር። ኡዘይር።


ቡራዩ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017

ጋሼ ፈቀደ፣

የምጽፍልህ እኔ አቤኒ ነኝ። ኡዘይር፣ ይህን ሳትቀንስ አንብብለት።

እናቴ ነገር ስትደብቅ ፊቷ ይናገራል። ስልኳን ትራስ ሥር ስታደርግ አየሁና አውጥቼ አነበብኩ። ተቆጣች፣ እኔም ተቆጣሁ። እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ ሁለት ሆናችሁ ወሰናችሁ።

አራት ዓመቴ ነበር ትኩሳቱ ጆሮዬን ሲወስደው። ትዝ የሚለኝ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ነው። ሁሉም አልጋዬን ከብቦ ያለቅሳል፣ ምን እንደሆንኩ የሚነግረኝ አልነበረም። እየሞትኩ መስሎኝ ነበር። ልጅ ናት፣ አይገባትም ብላችሁ ነው። ጋሼ፣ ያኔ የፈራሁትን ያህል ዘንድሮም የፈራሁት ደብዳቤህ ሲያጥር ነው። ተቀይሞናል ወይም ታሟል እያልኩ ለአዶናይ ስነግረው ከረምኩ።

በምን እንነጋገራለን አልክ። አላውቅም። መልስ ቢኖረኝ እጽፍልህ ነበር። ግን አጠገቤ ቆመህ ዝም ብትለኝ እንኳ ይሻለኛል። ሩቅ ሆነህ የጻፍክልኝ ብዙ ዓመት በቅቶኛል።

መንገደኛ አጣን ብለሃል። አንተ መንገደኛ ነህ። ተቀባዩን ራስህ ይዘህ ና። ከፖስታም ከማንም በፊት ትደርሳለህ። ካልመጣህ ስክሪኑ አይሠራም፣ ስክሪኑ ካልሠራ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ።

አቤኒ


ደርባን፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017

ለአቤኒና ለእናቷ፣

ኡዘይር ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ ሁለተኛውን እኔ አልጠየቅኩትም።

ትኬት ተቆርጧል። ረቡዕ ሚያዝያ 22 ከሰዓት በኋላ ቦሌ እገባለሁ። አውሮፕላን ውስጥ የሚረዱኝ ሰዎች እንዳሉ ተነግሮኛል፣ ግን ፈርቻለሁ፤ ይህን ጻፍ ብዬዋለሁ። ተቀባዩን በሻንጣ አላስገባውም፣ በኮቴ ኪስ ነው የምይዘው። ምልክቱን ኡዘይርም፣ የጎረቤቱ ሱቅ ሰውም አንብበውታል።

እስከዚያው ኬብሉን ዘርጉት። ማገናኛውንም ግዙና ነጋዴው ፊት ሰክታችሁ ሞክሩት። ስትገዙ "ከኮምፒውተር ዲስፕሌይ ፖርት ወደ ቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ" በሉ፤ "ማገናኛ" ብቻ ብትሉ ያገኘውን ይሰጣችኋል።

ፈቀደ


ቡራዩ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017

ጋሼ፣ ትንሣኤው ለአንተም ብርሃን ይሁንልህ።

ኦቦ ገርባ ኬብሉን በጣሪያው ሥር አዙረው ዘረጉት፤ ከመብራቱ ሽቦ ክንድ ያህል ርቋል። ማገናኛው ተገዛ፣ ሠራም። የቀረው ያንተ ኪስ ውስጥ ያለው ነው።

ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ልንገርህ። የአዶናይ እናት ስለ ዓይንህ ሰምተው መጡ። "የሚያይ ሰው ቢያስገባት አይሻልም? ቢደናቀፉስ በሰው ፊት?" አሉኝ። ክፋት አይደለም፣ እሳቸውም ፈርተው ነው። አቤኒ ከከንፈራቸው አንብባ ኖሮ "ከተደናቀፍን አብረን እንደናቀፋለን" ብላ በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። አንብበው አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

መብራት በዚህ ሰሞን ይመላለሳል። ሌሊት ብንን እያልኩ አምፖሉን አበራለሁ፣ መኖሩን ለማየት። በሰላም ግባልን።

ደስታነሽ


ደርባን፣ ግንቦት 20 ቀን 2017

ለእህቴ ለደስታነሽ፣ ከነልጆችሽ የሰላም አምላክ ይጠብቅሽ።

በደህና ገብቻለሁ። ኡዘይር ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀምጧል። ሰኞ ሆስፒታል ሄጄ መርፌውን ተወጋሁ። ሐኪሟ ግራው አልባሰበትም አለች፤ ይቆያል ወይ ብላት "እናያለን" ብቻ አለችኝ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

አንቺ በሠርጉ ቀን ከወዲያ ወዲህ ስትሯሯጪ ስለነበር ያላየሽው ነገር አለ። ልጽፍልሽ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ቦሌ ስደርስ አንቺ ስታለቅሺ በድምፅሽ አወቅኩሽ። አቤኒን ግን በምን ልወቃት? አንድ እጅ መጥቶ እጄን ያዘ፣ መርፌ የወጋጋው የልብስ ሰፊ ጣት። ታክሲው ውስጥ ከኋላ አብረን ተቀመጥን። ረጅም መንገድ ዝም። እሷ ዝም፣ እኔ ዝም። ያልኩት ደረሰ፣ ፈርቼ የነበረው ይኸው ነው እያልኩ አስብ ነበር። አስኮን ስናልፍ መዳፌን ገልብጣ ከፈተችው፣ በጥፍሯ አንድ ነገር ሣለችበት። አልገባኝም። በመዳፏ እንደ ሰሌዳ ጠረገችልኝና ደገመችው። በሦስተኛው "ጋ" መሆኑን አወቅኩ። ቀጥሎ "ሼ"። ልጅ ሆና ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ አሁንም የ"ጋ"ን እግር ታስረዝማለች። እኔም መዳፏን ፈልጌ "አቤ" ብዬ ጻፍኩላት። አንቺ ከፊት ሆነሽ ከሾፌሩ ጋር ስለ መብራት መጥፋት ታወሪ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ታውቂያለሽ። ተቀባዩን ሰክቼ ኦቦ ገርባ "ምስሉ መጣ" ካሉ በኋላ መልሶ ሲጠፋ፣ ደስታነሽ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የተበላሸ ዕቃ አመጣሁ ብዬ ነበር። የኬብሉ ጫፍ ሳይነክስ የቀረ መሆኑ በጣቴ ሲገባኝና ጠቅ ብሎ ሲይዝ ከኦቦ ገርባ ጋር ተቃቅፈን ሳቅን።

ቅዳሜ ክንዷን ይዤ አስገባኋት። ሰዎች እሷ እየመራችኝ እንደሆነ አይተዋል፤ ግድ የለም። መድረኩ ሥር ስንደርስ ልለቃት ፈለግኩ፣ እጄን አልለቀቀችም። ስለዚህ በስተግራዋ ቆሜ ቀረሁ። ለቃል ኪዳኑ እጆቿ ሲያስፈልጓት ብቻ ለቀቀችኝ። አዶናይ በእጁ ተናገረ፣ አስተርጓሚዋ በድምፅ አሰማችን። ቀጥሎ አቤኒ። የተናገረችውን ከሌላ ሴት አፍ ሰማሁት። ግን የእጅጌዋ ጨርቅ ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበርና ቃሉ ከእሷ እንደሚወጣ አወቅኩ።

ከዚያ ዝም አለ። እልልታ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። የለም። ያ ሁሉ ሰው የሞላበት አዳራሽ ጸጥ። ከክንፉም ድምፅ የለም። ቴሌቪዥኑ ጠፋ አልኩ በልቤ። መብራቱ ነው፣ ወይ ሳጥኑ ነው፤ ተነስተው እየወጡ ነው፣ እሷም ከመድረክ ሆና እያየቻቸው ነው። ወደ ክንፉ ዞሬ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፤ ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም።

አቤኒ እጄን ያዘችኝ። መዳፌን ከፈተች፤ ፈጥና ነው የጻፈችው፣ "እጅ" አለች። ጠረገችው። "ሁሉም" አለች። አልገባኝም፤ ራሴን ነቀነቅኩ። እንደገና ጻፈች፣ ቀስ ብላ፦ "ከዚያኛውም ክንፍ።" አሁንም እንዳልገባኝ ስታውቅ መጻፉን ተወችው። እጄን በእጇ ጨብጣ ወደ ላይ አነሳችው፣ ከጭንቅላቴ በላይ። ጣቶቼን ዘርግታ አወዛወዘቻቸው። አንደኛውን ለቅቃ ሁለተኛውን አነሳች።

ያኔ ገባኝ። እያጨበጨቡ ነበር። መስማት የተሳናቸው ሲያጨበጭቡ እንደዚያ ነው፤ የክንፉዎቹም እስከ ግድግዳው ጫፍ ወጥተው እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። ሰሚዎቹም ክንፉን አይተው ዝም ብለው እጃቸውን አንስተው ነበር አሉ፤ የአዶናይ እናትም ጭምር። የሴቶቹ እልልታ በኋላ ነው የመጣው።

እሷ እጇን ብታወርድም እኔ አላወረድኩም።

ወንድምሽ ፈቀደ